ቴፍሎኑ ለምን ከዳ? የራይቲንግተን የዳሌ መገጣጠሚያ ጉዳይ

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዊጋን ከተማ ወጣ ብሎ ራይቲንግተን የሚባል ሆስፒታል አለ። የአጥንት ቀዶ ሐኪሙ ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1962 ድረስ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ለ300 ያህል ሰዎች የተበላሸ የዳሌ መገጣጠሚያቸውን አውጥቶ ቴፍሎን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ገጠመላቸው። አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ያለ ሕመም መራመድ ጀመሩ። ሁለትና ሦስት ዓመት ሲያልፍ ግን ቴፍሎኑ ተበልቶ፣ መገጣጠሚያው አይብ በመሰለ ነገር ተሞልቶ፣ ዙሪያውን ያለው አጥንት እየተሸረሸረ ተገኘ። ሕሙማኑ ተራ በተራ ወደ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው ተመለሱ።

ጉዳዩ እስከ ዛሬ የሚጠናው የግዴለሽ ሰው ስህተት ስላልነበረ ነው። ቻርንሊ ከቀዶ ሕክምናው ጎን ቶርኖ ያለበት ወርክሾፕ ያደራጀ፣ ከመሐንዲሶች ጋር መዋል የሚወድ፣ ቁጥር ሳይዝ የማይናገር ሰው ነበር። ልኬት አላነሰውም። የለካው ግን የዕቃውን አንድ ጠባይ ነበር፤ ሕሙማኑን የጎዳው ሌላው ጠባይ ሆነ።

ከቴፍሎኑ በፊት

የዳሌ መገጣጠሚያ ሙቀጫና ዘነዘና ይመስላል። በጭኑ አጥንት ጫፍ ያለው ኳስ በዳሌው አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል፤ ሁለቱንም ፊት ለስላሳ ልም አጥንት ይሸፍናቸዋል። ልም አጥንቱ በዕድሜ፣ በቁርጥማት ወይም በድሮ ጉዳት ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ሰውዬው ካልሲ ማጥለቅ ያቅተዋል፣ ሌሊት ጎኑን ለመቀየር ሲሞክር ከእንቅልፉ ይባንናል።

በ1950ዎቹ የነበሩት መፍትሔዎች ሁሉ አንድ ነገር ሰጥተው ሌላ የሚነሡ ነበሩ። መገጣጠሚያውን አጣብቆ ማድረቅ ሕመሙን ያጠፋል፤ እግሩ ግን ከዚያ በኋላ ከዳሌው አይታጠፍም። ኳሱን ቆርጦ አውጥቶ ቦታውን ባዶ መተውም ይቻል ነበር፤ እግሩ ያጥራል፣ ሰውዬው እስከ ዕለተ ሞቱ ያነክሳል። ቦስተን ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ስሚዝ-ፒተርሰን ከ1938 ጀምሮ በኳሱ ላይ የብረት ቆብ ይደፋ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ወንድማማቾቹ ቀዶ ሐኪሞች ሮበርና ዣን ዡዴ ደግሞ ከ1946 ጀምሮ ኳሱን ከነጭራሹ አንሥተው አጭር ዘንግ ያለው የአክሪሊክ (ደረቅ የፕላስቲክ ዓይነት) ኳስ ይተኩ ነበር።

ቻርንሊን ወደ ፍትጊያ ጉዳይ የመራው የዡዴ ኳስ ነው። ኳሱ የተገጠመለት አንድ ታካሚ ጎንበስ ባለ ቁጥር ዳሌው ይጮህ ነበር፤ ሚስቱ አብራው ማዕድ መቀመጥ እስክትሸሽ ድረስ። ቻርንሊ ጩኸቱን እንደ ማሽን ሠራተኛ አዳመጠው። የሚጮህ መገጣጠሚያ ፍትጊያው ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ፍትጊያው ከፍ ካለ ኳሱ መንሸራተቱን ትቶ ጎድጓዳውን ይይዛል። ከያዘ ደግሞ እያንዳንዱ እርምጃ ዘንጉን ከአጥንቱ ውስጥ ይነቀንቀዋል፤ ችካልን ለመንቀል ወዲያና ወዲህ እንደሚወዘውዙት ማለት ነው።

በጊዜው የነበረው ግምት የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ልክ እንደ ሞተር ዘይት ሁለቱን ፊቶች ለያይቶ ያንሳፍፋል የሚል ነበር። ቻርንሊ በሕክምና ምክንያት ከተቆረጠ እግር ትኩስ መገጣጠሚያ ወስዶ ፔንዱለም አሠርቶ ለካው። የፍትጊያ ቁጥሩ 0.02 እንኳ አልሞላም፤ ሸርተቴ ጫማ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ያለው 0.03 ገደማ ነው። ዋናው ምሥጢር ያለው ፈሳሹ ዘንድ ሳይሆን የፈሳሹና የልም አጥንቱ ፊት አንድ ላይ በሚሠሩት ሥራ ነው ብሎ ደመደመ። ፈሳሹ ለብረትም ሆነ ለፕላስቲክ ያንን ውለታ አይውልም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ቅባት ሳይሻ በራሱ የሚንሸራተት ዕቃ ነው። እስከዚህ ድረስ አመክንዮው ንጹሕ ነው፤ ዛሬም ቢሆን የሚነቀፍ ቦታ የለውም።

ቴፍሎን በ1938 ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ሮይ ፕሉንኬት በአጋጣሚ ያገኘው ፕላስቲክ ነው። የፍትጊያ ቁጥሩ 0.05 አካባቢ ሲሆን ከታወቁት ጠጣር ነገሮች ሁሉ ዝቅ ካሉት ይመደባል። አሲድ አይነካውም፣ ከምንም ጋር አይዋሐድም። ድፍን ቁራጩ ሰውነት ውስጥ ሲቀመጥ ሥጋው ዝም ይላል። ለፈላጊው ከዚህ የተሻለ ዕቃ ያለ አይመስልም ነበር።

አሠራሩ እንዴት ተለወጠ?

የመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ስስ የቴፍሎን ልባሶች ነበሩ፦ አንዱ የተሞረደው የጭን አጥንት ራስ (ኳሱ) ላይ እንደ ቆብ ይደፋል፣ ሌላው ጎድጓዳው ውስጥ ይገባል። ይህ ብዙ አልቆየም። ልባሱን ለመድፋት ዙሪያውን የሚሞረደው አጥንት የደም ሥሩን ያጣል፤ ደም ያጣ አጥንት ይሞታል፤ የሞተ አጥንት ላይ የተደፋ ቆብ ይላላል።

ቻርንሊ ስለዚህ የጭኑን ራስ ሙሉ በሙሉ ቆርጦ በስቴንለስ ስቲል ኳስ ተካው። ኳሱ ከረጅም ዘንግ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ሲሆን ዘንጉ በጭኑ አጥንት ቱቦ ውስጥ ወደ ታች ይሰካል። ጎድጓዳው ውስጥ የሚገባው የቴፍሎን ክፍል ከቡና ሲኒ ጋር ይመሳሰላል፤ ከዚህ በኋላም ሲኒ እንለዋለን።

የመጀመሪያዎቹ ኳሶች ከተፈጥሮው ጋር ተቀራራቢ፣ ከ40 ሚሊሜትር በላይ ዲያሜትር ነበራቸው። ቻርንሊ ደረጃ በደረጃ አሳነሳቸውና ሰባት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 22.225 ሚሊሜትር ላይ ቆመ። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም ዳሌው ላይ የሚያርፈው ኃይል የክብደቱን ሦስት እጥፍ ያህል፣ ወደ 2,000 ኒውተን ይጠጋል። የፍትጊያ ቁጥሩ 0.05 ከሆነ በኳሱ ፊት ላይ 100 ኒውተን የሚጎትት ኃይል አለ። ያ ኃይል ሲኒውን ከአጥንቱ ነቅሎ ለማዞር ያለው ጉልበት ግን በኳሱ ግማሽ ዲያሜትር ይወሰናል፦ 20 ሚሊሜትር ከሆነ 2 ኒውተን-ሜትር፣ 11 ሚሊሜትር ከሆነ 1.1። ከባድ በርን በማጠፊያው አጠገብ መግፋት እጀታው ላይ ከመግፋት የሚከብደው በዚሁ ሕግ ነው። ኳሱ ሲያንስ ሌላም ትርፍ አለ፤ በዚያው ጎድጓዳ ውስጥ ለሲኒው ግድግዳ ቦታ ይተርፋል። የውጭ ዲያሜትሩ 44 ሚሊሜትር የሆነ ሲኒ 22 ሚሊሜትር ኳስ ሲይዝ 11 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ይኖረዋል።

ትንሽ ኳስ የራሱ ዕዳ አለው፤ ከሲኒው ለመውለቅ ይቀለዋል። ቻርንሊ ይህን ለመከላከል በጭኑ አጥንት ጎን የወጣውን ጉብታ ከነጡንቻው ቆርጦ ያነሣና ሲጨርስ ጡንቻው ጠበቅ እንዲል አድርጎ በሽቦ ያስረው ነበር። ሽቦው የሚበጠስበት፣ ጉብታውም ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜ ነበር፤ ይህ ሌላ ጣጣ ነው።

ዘንጉን ለመያዝ የተጠቀመበት የአጥንት ሲሚንቶ ከዚህ ጉዳይ ውስጥ ሳይነቀፍ የወጣው ክፍል ነው። ሐሳቡ የመጣው ከጥርስ ሐኪሞች ነው፤ የማንቸስተር የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ኬሚስት ዴኒስ ስሚዝ ለጥርስ ሥራ የሚውለውን፣ ያለ ምድጃ የሚደርቀውን አክሪሊክ ጠቆመው። ዱቄትና ፈሳሽ ተደባልቆ ሊጥ ይሆናል፣ ሊጡ በአጥንቱ ቱቦ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ዘንጉ ይሰካል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሙቀት አውጥቶ ይደድራል። ብዙ ሰው ሙጫ ይመስለዋል፤ አይደለም። አይለጥፍም። በአጥንቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ሰርጎ በመግባት ሸክሙን በሰፊው ያከፋፍላል፤ ግንበኛ በድንጋዮች መካከል የሚሞላው ጭቃ የሚሠራውን ይሠራል። ቻርንሊ ይህን በ1960 አሳተመ።

ጥሩዎቹ ወራት

ውጤቱ በዚያን ዘመን ታይቶ የማይታወቅ ነበር። በክራንች የመጡ ሰዎች ያለ ምርኩዝ ይወጣሉ፣ የሌሊቱ ሕመም ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ ይጠፋል። ግንቦት 1961 ቻርንሊ አዲሱን ቀዶ ሕክምና ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አሳወቀ። ራይቲንግተን የተሠራው ለቲቢ ሕሙማን ነው፤ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ከመጣ ወዲህ የአጥንት ቲቢ ቀንሶ አልጋዎቹ እየተለቀቁ ነበርና ሆስፒታሉ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ሆነ። ሥራው ቦታም፣ ስምም፣ ታካሚም አገኘ።

እንደኛ ግምት ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው። ፍትጊያ በላቦራቶሪ በሰዓታት ውስጥ ይለካል፤ የሕመም መጥፋት በሳምንታት ይታያል፤ የዕቃ መበላት ግን ዓመት ይፈልጋል። ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ያ ዓመት ሳይጠበቅ ቁጥሩ ወደ መቶዎች ወጣ። በቻርንሊ ቦታ ሆኖ፣ በክራንች የሚመጣውን ሰው ፊት ለፊት እያዩ “ጠብቅ” ማለት ቀላል አይደለም። ቢሆንም 20 ሰው ላይ ሊታወቅ የሚችል ነገር 300 ሰው ላይ ታወቀ።

ራጁ ያሳየው

መጀመሪያ የተናገረው ራጅ ነው። ኳሱ ከሲኒው መሐል ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ሸክሙ ወዳለበት አቅጣጫ እየሰመጠ ነበር። መስመጡ የሚቆጠረው በሚሊሜትሮች ነው፤ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ የአንዳንዱ ግድግዳ ወደ ማለቁ ተቃርቧል። የሚያስደነግጠው ብዙዎቹ ገና ሕመም አለመጀመራቸው ነበር። ሰውዬው ደስተኛ ነው፣ ራጁ ግን ሌላ ይላል።

ዳሌው ሲከፈት መገጣጠሚያው በነጣ፣ አይብ በሚመስል ነገር ተሞልቶ ተገኘ። ላይ ላዩን ሲያዩት የመረቀዘ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ጀርም የለበትም። ከቴፍሎን ብናኝ፣ ብናኙን ሊውጡ መጥተው ከተከማቹ የሰውነት ሴሎች፣ ከሞተ ሥጋም የተሠራ ግራኑሎማ ነበር። እሱ ያለበት ቦታ ሁሉ አጥንቱ ይሸረሸራል፣ ሲኒው ይላላል።

ለምን ተበላ? መልሱ ቴፍሎኑ በተመረጠበት ጠባይ ውስጥ ተደብቋል። የቴፍሎን ሞለኪውሎች ረጃጅምና ለስላሳ ሰንሰለቶች ናቸው፤ እርስ በርስ አይጠላለፉም። ብረት ሲሄድበት ላይኛው ሽፋን በቀላሉ ተንሸራቶ ይላቀቅና ብረቱ ላይ እንደ ስስ ልባስ ይቀባል። ፍትጊያው ዝቅ የሚለው በዚህ ነው። የሚበላውም በዚሁ ነው። አንድ ጊዜ የተላቀቀው ሽፋን አይመለስም፤ በሚቀጥለው እርምጃ ሌላ ይላቀቃል። ሰው በዓመት በአንድ እግሩ አንድ ሚሊዮን ያህል ጊዜ ይረግጣል፤ ዛሬ የመገጣጠሚያ መሞከሪያ ማሽኖች አንድ ሚሊዮን ዙርን እንደ አንድ ዓመት የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። ዝቅተኛ ፍትጊያ ማለት ዝቅተኛ መበላት ይመስላል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ለየብቻ ካልተለኩ አንዱ ስለ ሌላው አይመሰክርም።

የኳሱ መጠንም በዚህ ዞሮ ወደ ጥያቄ መጣ። ጥልቀትና የብናኝ መጠን አንድ አይደሉም። ኳስ ሲሰምጥ የሚቦረቡረው በግምት ሲሊንደር ነው፦ 22.225 ሚሊሜትር ኳስ 1 ሚሊሜትር ሲሰምጥ 388 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ብናኝ ይወጣል፤ 40 ሚሊሜትር ኳስ ያንኑ 1 ሚሊሜትር ሲሰምጥ 1,257። ትልቅ ኳስ ሸክሙን በሰፊ ፊት ስለሚያሳርፍ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ ቢሆንም የሚያመነጨው ብናኝ ሊበልጥ ይችላል። ትንሽ ኳስ በተቃራኒው ቶሎ ይሰምጣል፣ ብናኙ ግን ያንሳል። ቻርንሊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1969 ባሳተመው ጥናት የሚበጀው የኳስ መጠን የሲኒው የውጭ ዲያሜትር ግማሽ ያህል ነው ሲል አስታረቀው። 22.225 በመጀመሪያ በማዞር ጉልበት ስሌት ተመረጠ፤ ከውድቀቱ በኋላ በብናኝ ስሌትም ጸና። በአንድ ምክንያት የተወሰደ ውሳኔ በሌላ ምክንያት ትክክል ሆኖ ሲገኝ ዕድል መባል አለበት፤ እዚህ ላይ ቻርንሊ ዕድለኛ ነበር።

ማጠናከሪያው ያመጣው መዘዝ

መጀመሪያ የታሰበው ቴፍሎኑን መጣል ሳይሆን ማጠንከር ነበር። ጠጣር መሙያ የተቀላቀለበት ቴፍሎን ተሞከረ። ማሽን ላይ መበላቱ ከንጹሑ ቴፍሎን እጅግ ያነሰ ሆነ። ሰው ውስጥ ሲገባ ግን ያ ብልጫ ጠፋ። ይባስ ብሎ መሙያው እንደ ሞረድ ሆኖ የብረት ኳሱን ራሱን መፋቅ ጀመረ፤ የተፋቀ ኳስ ደግሞ ሲኒውን የበለጠ ይበላል። ላቦራቶሪው ሁለተኛ ጊዜ አሳሳተ ማለት ነው። በሰውነት ውስጥ ያለው ፈሳሽ፣ ሙቀት፣ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ እንቅስቃሴ ማሽኑ ላይ አልነበረም።

ክሬቨንና የሽመና ማሽኑ ፕላስቲክ

ሃሪ ክሬቨን የቻርንሊ ወርክሾፕ ቴክኒሻን ነው። የመበላት መሞከሪያ ማሽኑን የሠራው እሱ ነው፦ የፕላስቲክ ናሙና ላይ ክብደት ተጭኖ ብረት ቀንና ሌሊት ይሄድበታል፣ በየጊዜው ምን ያህል እንደተበላ ይለካል።

ግንቦት 1962 አንድ ሻጭ ወደ ሆስፒታሉ መጣ። የያዘው ከፍተኛ ሞለኪውላዊ ክብደት ያለው ፖሊኢትሊን ነው፤ በአካባቢው የላንካሻየር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሽመና ማሽን ጥርሶች ከእሱ ይሠሩ ነበር። ክሬቨን ናሙናውን ለቻርንሊ አሳየው። ቻርንሊ ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን አለው፤ ጥፍሩ ገባ። ጊዜህን አታባክን ብሎ ትቶት ሄደ። ለስላሳ ነው፤ የፍትጊያ ቁጥሩም ከቴፍሎን ይበልጣል። በቻርንሊ መመዘኛ ሁለት ጊዜ ወድቋል።

ክሬቨን አለቃው ወደ ኮፐንሃገን በሄደበት ጊዜ ናሙናውን ማሽኑ ላይ ጫነው። ሲመለስ አሳየው፤ ዕቃው ሦስት ሳምንት ያለ ዕረፍት ተፈትጎ የተበላው ቴፍሎን በ24 ሰዓት ከሚበላው ያነሰ ነበር። በሒሳብ ሲታይ ቢያንስ 21 እጥፍ ብልጫ ነው።

ጥፍር የሚለካው ጥንካሬን ነው። ይህ ፖሊኢትሊን የሚቋቋመው በጥንካሬ አይደለም። ሰንሰለቶቹ እጅግ ረጃጅም ናቸው፤ እንደ ተጠላለፈ ጥጥ እርስ በርስ ስለተያያዙ አንዱን ነቅሎ ለማውጣት ብዙዎቹን መጎተት ይጠይቃል። ቴፍሎን እንደ ካርታ ጥቅል ይንሸራተታል፣ ይህኛው እንደ ባዘቶ ይያያዛል። ስለዚህ ፍትጊያው ከፍ ይላል፣ መበላቱ ግን ይወርዳል። “ዝቅተኛ ፍትጊያ ያለው” የሚለው የቀዶ ሕክምናው ስም ከዚያ በኋላም እንዳለ ቀጠለ፤ ስሙን ያወጣለት ዕቃ ተነሥቶ፣ ፍትጊያው ከፍ ያለው በቦታው ገብቶ። ትንሹ ኳስ ያቆጠበው የማዞር ጉልበት ይህን ጭማሪ መሸከም ቻለ።

በጭን ውስጥ የተቀበረው ሙከራ

ቻርንሊ ከመሙያው ቴፍሎን ትምህርት ወስዷልና የማሽኑ ቁጥር ብቻ አላረካውም። ያልተጠየቀ ጥያቄ ቀርቶ ነበር፦ ድፍን ሆኖ ሰውነት ዝም ያለው ዕቃ ብናኝ ሲሆን ምን ይሆናል? ቴፍሎን አይቆጣም የተባለው በድፍን ቁራጭ ነው። ብናኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሰውነት ጠባቂ ሴል ቁራጭን መዋጥ አይችልም፣ ብናኝን ግን ይውጣል። ውጦ መፍጨት ሲያቅተው የሚያስነሣው ቁጣ ነው አጥንት የሚበላው።

መልሱን ለማግኘት የደቀቀ ቴፍሎንና የደቀቀ ፖሊኢትሊን በወፍራም መርፌ ወደ ገዛ ጭኑ አስገባ። ከዘጠኝ ወር በኋላ የቴፍሎኑ ቦታዎች በእጅ የሚዳሰሱ ጉብታዎች ሆነው መጠናቸው ከገባው ሁለት እጥፍ ተቃርቦ ነበር። ፖሊኢትሊኑ እንዲህ ያለ እብጠት አላስከተለም። ይህን ታኅሣሥ 1963 ለላንሴት በጻፈው ደብዳቤ ገልጾ፣ ቴፍሎን ለዚህ ሥራ እንዳይውል ሌሎች ሐኪሞችን አስጠነቀቀ። በዛሬ ሥርዓት የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅደውም፤ በአንድ ሰው ላይ የተደረገ ሙከራም ብዙ አያስረዳም። ደብዳቤው ግን ከ1961ዱ የደስታ ጽሑፍ ጋር በዚያው መጽሔት ላይ መውጣቱ ቁም ነገር ነው። ውድቀቱን ስኬቱ በታወጀበት አደባባይ ተናግሯል።

ከኅዳር 1962 በኋላ

የመጀመሪያው የፖሊኢትሊን ሲኒ ኅዳር 1962 ተገጠመ። ዕቃው የመጣው ከጀርመኑ ሩርኬሚ ሲሆን መለያው አርሲኤች 1000 ነው። ኳሱ ያው 22.225፣ ዘንጉ ያው በሲሚንቶ የተያዘው ነው፤ ሲኒውም በሲሚንቶ ይያዛል።

የተለወጠው ሌላው ነገር ፍጥነቱ ነው። ቻርንሊ ለዓመታት ዕቃው ለማንም እንዲሸጥ አልፈቀደም። መግጠም የሚፈልግ ሐኪም ራይቲንግተን መጥቶ ማየትና መማር ነበረበት፤ አምራቹ የሊድሱ ታክሬይ የሚሸጠው ለተፈቀደለት ብቻ ነው። ታካሚዎቹንም ሲሞቱ መገጣጠሚያው ለምርመራ እንዲመለስ ይጠይቅ ነበር፤ ብዙዎቹ ፈቀዱ። በዚህ መንገድ የተሰበሰቡት ሲኒዎች ራጅ የማያሳየውን አሳዩ። በ1973 የዘጠኝና የአሥር ዓመት ውጤት ታተመ። የመስመጡ ፍጥነት በአማካይ በዓመት 0.1 እስከ 0.15 ሚሊሜትር አካባቢ ሆነ። በቀደመው ስሌት ስናየው 0.1 ሚሊሜትር ማለት በዓመት 39 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ብናኝ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ኢንፌክሽንም ራስ ምታት ነበር፤ በመጀመሪያ ከመቶ ታካሚ 7 ያህሉ ይመረቅዙ ነበር። ቻርንሊ የቀዶ ሕክምናውን ቦታ የተጣራ አየር ከላይ በሚወርድበት የመስታወት ክፍል ከለለው፣ ቀዶ ሐኪሞቹን የትንፋሻቸው አየር በቱቦ የሚሳብ ልብስ አለበሳቸው፤ ቁጥሩ ከመቶ 1 በታች ወረደ። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነውና እናልፈዋለን።

ብናኙ ተመልሶ መጣ

ፖሊኢትሊን ጥያቄውን አዘገየው እንጂ አልዘጋውም። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ዳሌያቸው ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ሰዎች አጥንት እንደገና ሲሸረሸር ታየ። በመጀመሪያ ጥፋቱ በሲሚንቶው ተሳበበ፤ “የሲሚንቶ በሽታ” የሚል ስም እስከ መውጣት ደረሰ። ያለ ሲሚንቶ የተገጠሙ ዳሌዎችም እንዲሁ ሲሸረሸሩ ግን ተጠያቂው ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ የፖሊኢትሊን ብናኝ መሆኑ ተለየ። ሴሎቹ በቀላሉ የሚውጡት ይህን መጠን ነው። ነገሩን ያባባሰው የማምከኛው መንገድ ነበር፦ ሲኒዎቹ በጋማ ጨረር አየር ባለበት ማሸጊያ ውስጥ ይመክኑ ነበርና ኦክስጅን ጨረሩ የበጣጠሳቸውን ሰንሰለቶች እያጠቃ ፕላስቲኩን ያደርቀውና ያሰባብረው ነበር። ያው ጨረር ሆን ተብሎ በልኩ ሲሰጥና ፕላስቲኩ ከዚያ ሲሞቅ ግን ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ያስራቸዋል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የሚገጠመው ይህ የታሰረ ፖሊኢትሊን ነው፤ መበላቱ ከቀድሞው በብዙ ያነሰ ነው።

ነሐሴ 2010 ደግሞ ዴፑይ የተባለው አምራች ኤኤስአር የሚባለውን፣ ትልቅ የብረት ኳስ በብረት ሲኒ ውስጥ የሚዞርበትን ዳሌ ከገበያ ሰበሰበ፤ በዓለም ዙሪያ 93,000 ገደማ ተገጥሞ ነበር። ብረት ከብረት ጋር በማሽን ላይ የሚያወጣው ብናኝ እጅግ ጥቂት ነው። ሲኒው ሰው ውስጥ ትንሽ ዘንበል ብሎ ከገባ ግን ኳሱ ጠርዙ ላይ ይሄዳል፤ የሚወጣው ኮባልትና ክሮሚየም ደግሞ በትንሹም ሥጋን ይመርዛል። ከሲኒው መዝለል የሚከላከለው ትልቁ ኳስ፣ ማሽን ላይ የሚያምረው ቁጥር፣ ብናኙ ምን እንደሚያደርግ ያልተጠየቀበት ፍጥነት፤ የ1961 ሰዎች ቢያዩት ባልገረማቸው።

ሰው ሠራሽ ዳሌ ያለው ሰው ምንም ሳያመው ለራጅ የሚጠራው ቴፍሎኑ ባሳየው ነገር ምክንያት ነው፤ ሕመም ዘግይቶ ይመጣል። ፖሊኢትሊን ራጅ ላይ አይታይም። ስለዚህ በቻርንሊ ሲኒ ውስጥ ቀጭን ግማሽ ክብ ሽቦ ተቀብሯል። ሐኪሙ ከሽቦው እስከ ኳሱ ያለውን ርቀት ላይና ታች ይለካል፣ ከመጀመሪያው ዓመት ራጅ ጋር ያስተያያል። ራጅ ምስሉን ስለሚያጎላ ለእርማት የሚሆን ማስመሪያ ያስፈልጋል፤ እሱም እዚያው ምስሉ ላይ አለ፣ ኳሱ። ዲያሜትሩ 22.225 ሚሊሜትር መሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል።